አሥራ አንድ ጊዜ የተመለሰ ቪዲዮ

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያኔ እጄን በሰበረው!

«ሃሎ! ቪዲዮ ቤቱ ነው?»

የሴት ድምፅ ነው። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋላችሁ የለ።

«አዎ፣ ምን እንታዘዝ?» አልኩ። እትዬ እንደዚያ በዪ ብላኛለች፤ ደንበኛ ቢሰድብሽም መልሱ «ምን እንታዘዝ» ነው።

«የሳሙና ፋብሪካው ባለቤት ነኝ። ነገ ጠዋት አራት ሰዓት እመጣለሁ። ፋብሪካዬ ውስጥ የቀረጻችሁትን በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ አዘጋጅታችሁ ጠብቁኝ። ሥራውን ለሌላ ድርጅት ሰጥቼዋለሁ። ሰው እንዴት አንድ ቪዲዮ አሥራ አንድ ጊዜ ያበላሻል?»

መልሴን እንኳ ሳትጠብቅ ጆሮዬ ላይ ጠረቀመችው።

ስልኩን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ። እትዬ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍታ ያንኑ የፈረደበት የሳሙና ቪዲዮ እየቆረጠች እየቀጠለች ነው። ጠዋት የቀዳሁላት ሻይ አጠገቧ እንደተቀመጠ ቀዝቅዟል።

«ማን ነው?» አለች ሳትዞር።

«የተሳሳተ ቁጥር ነው።»

«ለተሳሳተ ቁጥር ነው ምን እንታዘዝ ያልሽው?»

ይቺ ልጅ ጆሮዋ ማይክራፎን ነው። ዞር ብላ ፊቴን አየችኝ፤ የኔ ፊት ደግሞ ነገር መደበቅ አያውቅም፣ ሲፈጥረው አሳባቂ ነው። ነገርኳት። «ያበላሻል» የምትለዋን ቃል ልዘልላት ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም፣ አመለጠችኝ።

አልጮኸችም፤ አላለቀሰችምም። እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና የሰው እጅ ይመስል ትመለከታቸው ጀመር። እናንተዬ፣ ያን ጊዜ ብትጮህልኝ ይሻለኝ ነበር።

* * *

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ ቪዲዮ ቤቱም የእሷ ነው። ካርዳችን ላይ «ድርጅት» ብለን እናጽፋለን እንጂ ያለችን ከአናጢ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ናት። ድምፅ ስንቀዳ እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «ጋሼ፣ መጋዙን አንዴ!» እላለሁ፤ አናጢው ያቆምልንና በየሁለት ደቂቃው «ልጀምር?» እያለ ከታች ይጮሃል። ግማሹ ቅጂያችን ላይ የሱ «ልጀምር?» አለበት። ሠራተኞቹ ሦስት ነን። እትዬ ኤዲት ታደርጋለች፣ እኔ ስልክና ወረቀት ላይ ነኝ፣ ካሜራው ደግሞ የትራይፖድ ነው። ትራይፖድ ሲባል ሦስት እግር ያለው የካሜራ ማቆሚያ ነው፤ የኛው ግን ሰው ነው። እግሮቹን ያየ ሁሉ ስሙን ማን አወጣለት ብሎ አይጠይቅም።

እትዬ ይህን ቤት ከመክፈቷ በፊት አንድ ትልቅ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀጥራ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ የሠርጓን ቪዲዮ አይታ «አባቴ የታለ?» አለች። አባትየው ከሠርጉ በሳምንቱ ሞተዋል። ለካ ቪዲዮው ረዘመ ተብሎ እሳቸው ያሉበት ተቆርጧል። አለቅየው «አልቋል፣ አይነካም» አላት። ሙሽራዋ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ እትዬም አጠገቧ ቁጭ ብላ አለቀሰችና በዚያው ወጥታ ቀረች። የኛ ቤት ሕግ ከዚያ ደረጃ ላይ የመጣ ነው። ደንበኛው «አዎ፣ ይሄ የኔ ነው» እስኪል ቪዲዮው አላለቀም። አስተካክሉልኝ ካለ ይስተካከላል፣ አሥር ጊዜም ቢሆን። የሚፈልገውን በቃል መግለጽ ካቃተው ደግሞ ፈልጎ ማግኘት የኛ ፈንታ ነው ትላለች።

ቪዲዮው አልቆ ደንበኛው ሊያይ ሲመጣ እኛ ስክሪኑን አናይም፣ የምናየው እሱን ነው። ክንድ ያለው ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን፤ እኔ ጥግ ይዤ ፊቱን እመዘግባለሁ። «ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ላይ፣ ፈገግ አለ። ሦስት ከሃያ ላይ፣ ሰዓቱን አየ።» ሰው በአፉ ይዋሻል፤ ፊቱን ግን ማን ያሠለጥንለታል?

ከሁለት ወር በፊት እዚያ ወንበር ላይ የሳሙና ፋብሪካዋ ባለቤት ልጅ ተቀመጠ።

ፋብሪካው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። እናትየው ለበዓሉ የሚታይ ቪዲዮ አዘዘችንና ልጇን ጉዳዩን ተከታተል ብላ ላከችው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ አጠገብህ ሲያልፍ ሳሙና ሳሙና የሚሸት። መኪናው ከታች ስትቆም አናጢው ሳንለምነው መጋዙን ያቆማል፣ እንደዚያ ያለች መኪና ናት። እኔም ወረቀቴን ይዤ ፊቱን ሳይ ዋልኩ። «አራት ከሠላሳ ላይ፣ ፈገግ አለ» ብዬ ጻፍኩ። ኋላ ከቪዲዮው ጋር ስናመሳክር አራት ከሠላሳ ላይ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ካርቶን። ካርቶን ሲደረደር! ማን ነው ካርቶን አይቶ ፈገግ የሚል? ከዚያ ትዝ አለኝ። በዚያች ሰዓት የእትዬ እስክሪብቶ ወድቆባት ልታነሳ ጎንበስ ስትል ጭንቅላቷን ከጠረጴዛው አጋጭታ «ውይ!» ብላ ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ካርቶኑን አላየም፤ ስክሪኑ መስታወት ላይ አንቺን ነው የሚያየው።»

«አንቺ ደግሞ ፊልም አብዝተሻል። ዝም ብለሽ ጻፊ።»

ዝም ብዬ ጻፍኩ። እሷ ግን ያን ቀን ፀጉሯን ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ አሠረች።

በማግስቱ የመጀመሪያው አስተያየት መጣ። ሳሙና ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ነው፤ ዋናው ለሚመለከተው ሰው፣ ኮፒው እናትየው ፋይል ውስጥ። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ሙዚቃው ትንሽ ዝግ ቢል» ይላል። ዝግ አደረግነው። መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ አየ፣ «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ወረቀት መጣ። ከዚያም ሌላ። ትራይፖድ «አስተያየት» የሚል ስም አወጣለትና መኪናዋን ባየ ቁጥር ከመስኮቱ «አስተያየት መጣ!» ይለናል። እትዬ «እረፍ፣ ደንበኛ ነው» ትለዋለች፤ ግን ከንፈሯን ነክሳ ነው።

አንድ ቀን እሱ እንደተቀመጠ መብራት ጠፋ። ሌላ ደንበኛ ቢሆን ተነስቶ ይሄዳል። እሱ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። ሕፃን ሆኖ እናቱ ሥራ ስታመሽ ካርቶን ላይ ተኝቶ እንዳደገ ለእትዬ ነገራት። እሷ ስለዚያች ሙሽራ ነገረችው። እኔና ትራይፖድ መስኮቱ ጋ ቆመን የሌለ ወፍ እንቆጥር ነበር። መብራቱ ሲመጣ ሁለቱም ያዘኑ መሰለኝ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አስተያየቱ ስድስት፣ ሰባት ሲገባ እትዬ ከንፈሯን መንከስ ተወች፤ ጥፍሯን ትነክስ ጀመር። ደንበኛ ሰባት ጊዜ ከመለሰው ጥፋቱ የማን ነው? ምሳ መብላት ተወች። ያለቁ ሥራዎቿን እያወጣች ታይ ጀመር። አንድ ቀን ጨክና ጠየቀችው።

«እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ምኑ ነው ያልጣመዎት?»

አስተያየት ጫማውን አየ። «ጥሩ ነው። ብቻ... ትንሽ... ወደ መጨረሻው።»

«ወደ መጨረሻው ምን?»

«አላውቅም» አለ።

እኔ ጥግ ላይ ወረቀቴን ይዤ፣ ፊቱ የሚለውን ሁሉ እያየሁ፣ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ብዬ እንደምጽፈው ጠፋኝ።

* * *

ሰኞ ዕለት አንድ ባለሆቴል «ለጊዜው ትተነዋል» ብለው ደወሉ፤ የአዲሱን ሆቴላቸውን ቪዲዮ እኛ ነበርን የምንሠራው። ማክሰኞ የአንድ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር እንደዚያው አሉን። ምክንያት አልሰጡም። ረቡዕ የሴትዮዋ ስልክ ከመጣ በኋላ ትራይፖድ ሆቴሉ ውስጥ ለሚያውቀው ልጅ ደውሎ ሲጠይቅ ነገሩ ወጣ። የሳሙና ፋብሪካዋ እመቤት ነጋዴዎች ስብሰባ ላይ «እነዚያ ልጆች አንድ ቪዲዮ አሥራ አንዴ አበላሹብኝ፣ ተጠንቀቁ» ብላ አውርታለች። ሁለቱም ሰዎች እዚያ ነበሩ።

«ሄጄ አስተያየትን አንቀዋለሁ» አለ ትራይፖድ።

«ማንንም አታንቅ» አለች እትዬ። «እሱ ምን አጠፋ? ያልጣመውን አልጣመኝም አለ። ያልቻልኩት እኔ ነኝ።»

«እትዬ፣ ሰውየው እኮ ይወድሻል!»

«የሚወድ ሰው እንደዚህ አይደለም የሚያደርገው» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ከዚያ ወረቀት አወጣች። እሷ በእጇ ስትጽፍ አይቼ አላውቅም። ጻፈች፣ ቀደደች፣ ደግማ ጻፈች። ስትጨርስ አጥፋ ሰጠችኝና «ፖስታ ውስጥ ክተቺው፣ ትራይፖድ ለእሱ ያድርስ» አለችኝ። ከተትኩት። ከመክተቴ በፊት አነበብኩት፤ ኃጢአት ነው፣ አውቃለሁ።

«ይድረስ ለተከበሩ ደንበኛችን። ሁለት ወር ሙሉ የፈለጉትን ላገኝልዎ አልቻልኩም። እርስዎ ታግሠውኛል፣ አመሰግናለሁ። ከእኔ የተሻለ ባለሙያ እንደሚያገኙ አምናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ እባክዎ ከእንግዲህ ወደዚህ አይምጡ። ሲመጡ ደስ ስለሚለኝ፣ ሥራው ሲመለስ እጥፍ ያመኛል።»

ትራይፖድ ፋብሪካው በር ላይ ለዘበኛው ሰጥቶት መጣ። እትዬ ኮምፒውተሩን ዘግታ ስክሪኑን በጨርቅ ጠረገችው፣ ከዚያ ጠረጴዛውን፣ ከዚያ ወንበሩን። ቤቱን ለቃ እንደምትሄድ ሰው ስትጠርግ አይቼ አላስቻለኝም፤ ጨርቁን ነጥቄ እኔ ጠረግኩት።

* * *

ሐሙስ አራት ሰዓት ሲሆን አናጢው መጋዙን አቆመ። መጣች ማለት ነው።

አጭር ሴት ናት። መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ብብቷ ሥር አረንጓዴ ፋይል አለ። ደረጃው ትንፋሿን ቢያሳጥራትም ክፍላችንን በዓይኗ ለመመዘን አልሰነፈችም።

«ይቺ ናት ድርጅቱ?»

«ይግቡ እማማ» አለች እትዬ። ነጭ ሸሚዟን ለብሳለች፣ ፊቷ ከሸሚዙ አይለይም።

«እማማ አትበይኝ፤ አልወለድኩሽም።»

ተቀመጪ ሳይሏት ሄዳ የደንበኛው ወንበር ላይ ጉብ አለች። እትዬ ሃርድ ዲስኩን በሁለት እጇ አቀረበችላት። «የተቀረጸው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። አንድም አልጎደለም። ስላላረካንዎት ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ሴትዮዋ አልተቀበለችም። «ከመውሰዴ በፊት አንድ ነገር ይግባኝ። የኔ ልጅ ሰው የሚያስቸግር ልጅ አይደለም። ሻዩ ጨው ቢገባበት ጠጥቶ አመሰግናለሁ የሚል ልጅ ነው። እሱን አሥራ አንድ ጊዜ ያስጻፈ ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ፋይሏን ከፈተች፣ መነጽሯን ሰካች። «እስካሁን ያየሁት ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ዛሬ ደግሞ አብረን እናንብበው። ቁጥር ሁለት። የሠራተኞቹ መግቢያ ትዕይንት ቢያጥር። አሳጠራችሁ?»

«አሳጥረናል።»

«ቁጥር ሦስት። የሠራተኞቹ መግቢያ ቢረዝም ይሻላል።» ቆም አለች። «አስረዘማችሁ?»

«አስረዝመናል።»

«ቁጥር አራት። የሠራተኞቹ መግቢያ በመጀመሪያ እንደነበረው ይሁን።» መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። ጥፋቱ ከመነጽሩ መስሏት ነው መሰለኝ። «ቁጥር ሰባት። ሁሉም ጥሩ ነው፤ ሆኖም ሐሙስ መጥቼ አንዴ ደግሜ ብመለከተው። ምኑ ነው ይሄ አስተያየት?»

ትራይፖድ በረጅም እግሩ ይቁነጠነጣል።

«ቁጥር ዘጠኝ። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከፋብሪካው ጣሪያ በላይ የሚታየው ደመና ትንሽ ወደ ግራ ቢሆን።» ቀና አለች። «ደመና ወደ ግራ ይገፋል እንዴ?»

«አድርገነዋል» አለች እትዬ ቀስ ብላ።

«ምን?»

«ወደ ግራ አድርገነዋል። አራት ቀን ፈጀ።»

ሴትዮዋ እትዬን ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት። እስከዚያ ያየችው ክፍሉን ነበር። ከዚያ ወደ ፋይሉ ተመልሳ የመጨረሻውን ወረቀት አነሳች፤ ድምፅዋ ግን የቅድሙ አልነበረም።

«ቁጥር አሥራ አንድ። መጨረሻው እንዳይቸኩል። እባካችሁ፣ መጨረሻው እንዳይቸኩል።» ሁለት ጊዜ ነው የጻፈው። እሷም ሁለቱንም አነበበችው፤ ሁለተኛውን ለራሷ።

ክፍሉ ውስጥ ሁላችንም ወረቀቱን እያየን፣ ሁላችንም ገብቶን፣ የመጀመሪያውን ቃል የምናወጣው እኛ እንዳንሆን ፈራን።

* * *

ደረጃው ተንጓጓ። ሦስት ሦስቱን እየዘለለ የሚወጣ ሰው ነው። አስተያየት በሩ ላይ ቆመ፤ ሸሚዙ አልተተኮሰም፣ እጁ ላይ የእትዬ ደብዳቤ አለ።

«እማዬ? አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አንተ ያቦካኸውን ልጋግር መጥቼ ነው። ይሄ ደመና ምንድን ነው?»

ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከታች አናጢው «ልጀምር?» አለ።

«ቪዲዮው ጥሩ ነበር» አለ በመጨረሻ። የሚያናግረው እናቱን ነው፣ የሚያየው እትዬን። «ያኔ በመጀመሪያው ቀን ነው ያለቀው። አንድም የሚነካ ነገር አልነበረውም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ወረቀት?»

«ካለቀ በምን ሰበብ እመጣለሁ? ደንበኛ ካልሆንኩ እዚህ ቤት ምን ብዬ እገባለሁ? አንቺንስ ምን ብዬ እነግርሻለሁ? የቪዲዮ ሠራተኛ ስል ምን እንደምትዪኝ አውቃለሁ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመትህ ነው» አለች እናቱ።

የፈሪ እናት አታለቅስም ይላሉ። የሷ መነጽር ግን ጭጋግ ይዟል፤ በንዴት ይሁን በሌላ አላወቅኩም።

እኔ ደግሞ ሞኟ፣ አሁን እትዬ ፈገግ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ሁለት ወር የጠበቅኩት ሰዓት እኮ ነው! ተነስታ እቅፉ ውስጥ ትወድቃለች፣ እኔም ፊቴን በእጄ ሸፍኜ በጣቶቼ መሃል አያለሁ ብዬ ነበር። ተነሳች። ግን እንደዚያ አልነበረም።

«አሥራ አንድ ጊዜ» አለች። «አንተ አሥራ አንድ ጊዜ ደስ ብሎህ ወጣህ።»

አንተ አለችው። ሁለት ወር ሙሉ «እርስዎ» ስትለው የኖረች ልጅ።

«አንተ ከሄድክ በኋላ እኔ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ? ድሮ የሠራኋቸውን እያወጣሁ አያለሁ። ያኔ እንዴት ቻልኩ፣ አሁን ምን ነካኝ እላለሁ። ዓይኔ ሞቷል ብዬ አምኜ ነበር። ሌላ ምን ሥራ እችል ይሆን ብዬ ማታ ማታ አስባለሁ።» አንድ እርምጃ ወደ እሱ ቀረበች። «እወድሻለሁ ማለት ቢያቅትህ ዝም ማለት አትችልም ነበር? እንዴት ሥራሽ አልጣመኝም ትለኛለህ? እኔ ሌላ ምን አለኝ?»

«እኔ አልመሰለኝም...»

«አይመስልህም! አንተ ቢመለስብህ ፋብሪካ አለህ። እኛ ያለን ስማችን ነው። ባለሆቴሉ ሄዱ፣ ዳይሬክተሩ ሄዱ። ይሄን ልጅ እየው» አለች ትራይፖድን እያሳየች፣ «ይሄ ልጅ በዚህ ካሜራ እናቱን ይጦራል። እኔ እወድሃለሁ፣ ደብዳቤው ላይ አንብበኸዋል፣ አልክድም። ግን ለኔ አሁን ፍቅር ምንም አያደርግልኝም። ስሜን መልስልኝ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ! ስታጠፋው ጠይቀኸኛል?»

አስተያየት ወደ እናቱ ዞረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዞረበት አቅጣጫ ነው። እሷ ፋይሏን ዘጋችና እጇን ላዩ ላይ አጣጠፈች።

«እኔን አትየኝ» አለችው። «እኔም ያልኩትን አነሳለሁ፣ ያልኩትን የማነሳ ሴት ነኝ። ግን አንተ ትቀድማለህ። የፍቅርህን ነገር ደግሞ ቤት እንነጋገርበታለን።»



* * *

ስልኩን አወጣ። ለባለሆቴሉ ደውሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ድምፁን ክፈተው» አለች እናቱ።

ከፈተው። ሳህን ይንኳኳል፣ ሰው ይጮሃል፣ ከዚያ የባለሆቴሉ ወፍራም ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «አቤት የኔ ጌታ! እናትህ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ጋሼ፣ ስለ ቪዲዮ ቤቱ ልነግርዎ ነበር።»

«አዬ፣ እግዜር ይስጣት አስጠነቀቀችኝ እኮ! አሥራ አንድ ጊዜ?»

«ውሸት ነው ጋሼ። አሥራ አንዱንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ቪዲዮው ምንም አልነበረውም።»

«ፈጠርኩት? ለምን ብለህ?»

አስተያየት ዓይኑን ጨፈነ። «ልጅቷን ለማየት።»

«የቷን ልጅ?»

«ኤዲት የምታደርገዋን። ባለቤቷን።»

«ለማየት ብቻ?»

«ለማየት ብቻ። ስትሠራ።» ድምፁ መጀመሪያ እንደ ሁልጊዜው ዝግ ብሎ ነበር የወጣው፤ እየቆየ ግን ከፍ አለ። «ጋሼ፣ እኔ እንደዚህ ሰው የምትሰማ ሰው አይቼ አላውቅም። የማይረባ ነገር ጽፌ ስልክላት ይሄ ሰው ምን ፈልጎ ይሆን ብላ ትጨነቅልኛለች። ደመናውን ወደ ግራ አርጊልኝ ብያት አራት ቀን ሠርታ አደረገችው። ሥራዋን ከእኔ በላይ ያየው ሰው የለም፣ አንድ ጉድለት አላገኘሁበትም፤ ስፈልግ ነበር እኮ! ጉድለት ባገኝ እውነት የምጽፈው ነገር አገኝ ነበር። ፈሪ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እወዳታለሁ። ለሷም ነግሬያት አላውቅም፣ ይሄው ለእርስዎ ነገርኩ።»

ከወዲያ ሳህኑ መንኳኳቱን ተወ።

«አሁን ልጅቷ እዚያ አለች?»

«አለች።»

«ታዲያ ምን አባክ ለኔ ታወራለህ፣ አንተ ደንቆሮ!»

ትራይፖድ ሳቁን ሊውጥ ሲል በአፍንጫው ወጣበት። የአስተያየት እናት በፋይሉ አፏን ሸፈነች። እትዬ ግን አልሳቀችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፣ ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው፣ ስልኩ ሰው የሆነ ይመስል።

«ስማ» አሉ ባለሆቴሉ፣ «ደመናውን እውነት ወደ ግራ አደረገችው?»

«እውነት ጋሼ።»

«እንግዲያው ሰኞ እመጣለሁ በልልኝ። የኔም ሆቴል ፊት ለፊት አንድ የማይረባ የመብራት ምሰሶ አለ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰኞ! አንድ ደንበኛ ተመለሰ ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ሲል የእትዬን ፊት አይቼ አቆምኩት።

አስተያየት ላቡን በእጅጌው ጠረገ። እትዬን ቀጥ ብሎ ለማየት አልደፈረም፣ አሸነፍኩም አላለም። «የዳይሬክተሩን ስልክ ስጪኝ» አለ። «ለሁሉም እደውላለሁ። ሌላም የሰማ ካለ እደውላለሁ።»

እትዬ የደንበኛ ስልክ ቁጥር በቃሏ ነው የምትይዘው። አርባ የሚሆን ሰው ጭንቅላቷ ውስጥ ተመዝግቧል፤ አንዱንም ስትሳሳት ሰምቼ አላውቅም። መናገር ጀመረች። እሱ በጣቱ እየነካ ይጽፋል። ግማሹ ላይ ሲደርሱ ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው። ከስልኩ ጀምሮ ይዛው የቆየችው እንባ ያኔ በአንድ ዓይኗ ብቻ ወረደ፣ ሌላኛው ገና አልወሰነም። ቁጥሩን ቀጠለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቁጥር፣ ድምፅዋ እየቀጠነ። የመጨረሻዋ ላይ ስትደርስ ቆመች።

ከንፈሯ ተከፈተ፣ ቁጥሯ አልወጣችም። ጠፋባት። እሱም ጣቱን ስልኩ ላይ እንዳንጠለጠለ ይጠብቃል፣ አያጣድፋትም፣ ከዓይኗ ላይ ዓይኑን አያነሳም። እናቱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ሁለቱን በየተራ ታያለች፣ ፊቷ ላይ ግን ምን እንዳለ ማንበብ አቃተኝ፣ ማንበብ ሥራዬ ሆኖ ሳለ።

ከዳይሬክተሩ ስልክ የቀረችው ቁጥር ሰባት ናት። የደንበኞች ስልክ የተጻፈበት ወረቀት እጄ ላይ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀውን ነገር ሳልናገር አፌን ያዝኩ።